መብራት ለሚሄድበት ቤት የትኛው የአኳሪየም ማጣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት አኳሪየም አሠርቼ ስድስት ጎልድፊሽ ገዛሁ። ውኃው ጠርቶ እያየሁት በሦስተኛው ሳምንት አራቱ ሞቱ። ያለኝ ውኃ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማጣሪያ ነው፤ በየሳምንቱ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አጥበዋለሁ። ሻጩ «ማጣሪያህ ደካማ ነው» ብሎ ከፍ ያለ የውስጥ ማጣሪያ፣ ከጀርባ የሚንጠለጠል፣ እንዲሁም ከሥር የሚቀመጥ ካኒስተር አሳየኝ። የሚመክረኝ ካኒስተሩን ነው፤ ዋጋው ግን ከአኳሪየሙ ይበልጣል። ሰፈራችን መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ልጆቼ ዓሦቹን ስለወደዷቸው መተው አልፈልግም። የቱን ልግዛ?

ምላሽ፦ ካኒስተሩን አይግዙት። ሻጩ ዋሽቶዎታል ማለቴ አይደለም። ካኒስተር ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ እኔም ቤት አንድ አለኝ። ነገር ግን ሻጭ የሚያስረዳዎ ዕቃው ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ ነው። መብራት በሚሄድበት ቤት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሲቆም ምን እንደሚሆን ነው፤ በዚህ መስፈርት ሲታዩ ማጣሪያዎቹ ደረጃ ይለዋወጣሉ።

ከዚያ በፊት ግን ስለሞቱት አራቱ። ማጣሪያው ደካማ ነው መባሉ በከፊል ልክ ነው፤ ያደከሙት ግን ሳያውቁ እርስዎ ነዎት። ብዙ ሰው ማጣሪያን እንደ ሻይ ማጥለያ ያየዋል፤ ቆሻሻውን ይይዛል፣ ሲሞላ ይታጠባል። ይሄ ከሥራው ትንሹ ነው። ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚያስወግደው አሞኒያ ነው፤ አብዛኛው የሚወጣውም በመተንፈሻ ስንጥቡ በኩል ነው። አሞኒያ ደግሞ አይታይም። ውኃው ኩልል ብሎ ጠርቶ ዓሣው ሊመረዝ ይችላል። ከዚህ የሚያድኑት በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ሁለተኞቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ማጣሪያ ገዛሁ ሲሉ የገዙት ለእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሆን ቤት ነው። ነዋሪዎቹ ከዕቃው ጋር አብረው አይመጡም።

ችግሩ ቀስ ብለው የሚራቡ መሆናቸው ነው። ሌላው ባክቴሪያ በደቂቃዎች ውስጥ እጥፍ ሲሆን እነዚህ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ ገንዳ እስኪደላደል ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚወስደው ለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ ቤት ቀዝቀዝ ስለሚል ሊረዝምም ይችላል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ይላል፤ እሱ መውረድ ሲጀምር ናይትራይቱ ተራውን ይወጣል። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የናይትራይት ጊዜ ነው። ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ዓሦችዎ ከመሞታቸው በፊት ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ከነበረ፣ ስንጥባቸውም ወደ ቡናማ አድልቶ ከነበረ ገዳያቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ ስፖንጁን በየሳምንቱ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ሲያጥቡት፣ በሰባት ቀን ውስጥ የተሰበሰቡትን ጥቂት ባክቴሪያዎች እየገደሉ እንደገና «ሀ» ብለው ሲጀምሩ ነበር።

ምን ያህል ሥራ እንደሚጠበቅባቸው በቁጥር ላሳይዎ፤ ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ይታገሱኝ። ገንዳዎ እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል፤ ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 90 ሊትር ያህል ውኃ አለዎት። በቀን 1 ግራም መኖ ይሰጣሉ እንበል፤ 40 በመቶው ፕሮቲን ከሆነ፣ የዓሣ እርባታ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ስሌት ወደ 37 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን (አሞኒያው በውስጡ ባለው ናይትሮጅን ሲለካ) ይወጣዋል። ባክቴሪያ ከሌለ ይህ በየቀኑ በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 0.4 ሚሊግራም ይጨምራል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ዓሣ የሚጎዳ መጠን ይደርሳል፤ በተለይ የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ መለኪያ) ከፍ ያለ ከሆነ። 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውኃ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ዓይነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ላይ ግን ከመቶ አምስት ያልፋል።

አሁን ሌላኛውን ጎን ይዩት። ባክቴሪያዎቹ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ 4.5 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ለእርስዎ 37 ሚሊግራም በቀን ወደ 170 ሚሊግራም ኦክስጅን ማለት ነው፤ የዓሦቹን ትንፋሽ ሳንቆጥር። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር ከ8 ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን መያዝ ሲችል እዚህ ከ6 ብዙም አይበልጥም። ገንዳዎ ጢም ብሎ ኦክስጅን ቢይዝ በጠቅላላው 560 ሚሊግራም ቢኖረው ነው። የማጣሪያ ካርቶኖች ላይ «ለ100 ሊትር»፣ «ለ200 ሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ይህን ከፍታ አስቦ አይደለም። ለዚህ ነው ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ በፊት አየር እላለሁ።

ካኒስተር ማለት ክዳኑ ግጥም ብሎ የተዘጋ ባልዲ ነው። ውኃ በቱቦ ወርዶ ይገባል፣ በስፖንጅና በሴራሚክ ውስጥ ያልፋል፣ በፓምፕ ተገፍቶ ይመለሳል። ባክቴሪያዎቹ የሚተነፍሱት በዚያ ጉዞ የሚመጣላቸውን ኦክስጅን ነው። መብራት ሲሄድ ጉዞው ይቆማል፤ ባልዲው ግን እንደተዘጋ ነው። 4 ሊትር ውኃ ውስጡ ቢቀር ያለው ኦክስጅን 25 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ከላይ ባሰላነው ፍጥነት በሰዓት 7 ሚሊግራም ከተበላ ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ባዶ ነው፤ የተጠራቀመውን ኩስ የሚበሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ኦክስጅኑ ካለቀ በኋላ የእርስዎ ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፣ ያለ አየር የሚኖሩት ይነሣሉ፣ ውስጡ መበስበስ ይጀምራል።

መበስበሱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። የከፋው መብራት ሲመጣ ነው። ከዓመታት በፊት ሳሎኔ ውስጥ 240 ሊትር ገንዳ ላይ ካኒስተር ነበረኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሄደው መብራት ሊነጋጋ ሲል መጣ፤ እኔ ተኝቻለሁ። ካኒስተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲበሰብስ ያደረውን ሁሉ ወደ ገንዳው ተፋው። ስነሳ ቤቱ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሦስት ዓመት ያሳደግኋቸው ኤንጅልፊሽ የሚባሉ ዓሦች በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ የካኒስተሩን ሶኬት እነቅላለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ሳልከፍተው፣ ውኃውን ሳልደፋና ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ ሳላለቀልቅ አላስነሳውም። እርስዎ ሥራ ቦታ ሆነው መብራት ቢሄድና ቢመጣ ይህን ማን ያደርግልዎታል? ልጆቹ?

ይህን ስል ካኒስተርን ለመኮነን አይደለም። ከ200 ሊትር በላይ የሆነ ገንዳ፣ በተለይ ተክል የበዛበት፣ ኢንቨርተር ወይም ራሱ የሚነሳ ጄኔሬተር ባለበት ቤት ቢሆን ሌላ አልመክርም። ድምፅ የለውም፣ ገንዳው ውስጥ ቦታ አይወስድም፣ የሚይዘው የባክቴሪያ ማደሪያም ከሁሉም ይበልጣል። ለ90 ሊትር ግን ገንዘቡ ይባክናል።

ከጀርባ የሚንጠለጠለው ለእርስዎ አይሆንም። እዚህ የሚሠሩት ገንዳዎች አብዛኞቹ ከላይ ዙሪያውን የመስታወት ማጠናከሪያ ስላላቸው ማንጠልጠያው አይገጥምም። ቢገጥም እንኳ ውኃው በትነት ዝቅ ካለ፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ውኃ መሳብ የሚያቅተው ብዙ ነው፤ ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር ቆይቶ ይቃጠላል። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ «በየወሩ ይቀይሩ» የሚባል ባለ ካርቦን ስፖንጅ ይመጣል። በየወሩ ቀየሩ ማለት በየወሩ ባክቴሪያዎቹን ቆሻሻ ገንዳ ጣሉ ማለት ነው። አምራቹ ተጨማሪ ዕቃ እየሸጠ ነው፤ ዓሣዎን እያሰበ አይደለም።

ውኃ ውስጥ የሚገባው የተሻለ ጠባይ አለው። ምንጊዜም ጠልቆ ስለሚኖር መብራት ሲመጣ ያለ ችግር ይነሣል፤ የጎልድፊሽን ኩስ አንስቶ በመያዝም ጎበዝ ነው። ጉድለቱ የስፖንጁ ማነስ ነው፤ ቶሎ ይሞላል፣ ሲሞላ ይደክማል፣ ሰው ይበሳጭና አጥብቆ ያጥበዋል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «በሰዓት 500 ሊትር» የሚለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ስፖንጅ ሳይኖረው የተለካ ነው፤ ቆሻሻ ሲይዝ ግማሹን ቢሰጥዎ ደግ ነው። እርስዎ አንድ አለዎት፤ አይጣሉት፣ ሌላም አይጨምሩበት። የሚያስፈልግዎ በጎኑ የሚቆም ነው።

እሱም ሻጩ ያላሳየዎት፣ ምናልባትም ርካሽ ስለሆነ ያላሳየዎት፣ በአየር የሚሠራው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። አሠራሩ ሕፃን የሚገባው ነው፤ ከውጭ ያለ ኤር ፓምፕ በቀጭን ቱቦ አየር ወደ ስፖንጁ መሐል ይልካል፣ አረፋው በመሐሉ ቧንቧ ሲወጣ ውኃውን ይዞ ይወጣል፣ በምትኩ ሌላ ውኃ በስፖንጁ ውስጥ አልፎ ይገባል። ውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ክፍል ስለሌለው የሚቃጠል ነገር የለውም። ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ የውኃውን ፊት እያናወጠ ኦክስጅን ያስገባል። አረፋው ራሱ ሳይሆን ይህ መናወጥ ነው ትልቁን ሥራ የሚሠራው። መብራት ሲሄድ ስፖንጁ እንደ ካኒስተሩ ተዘግቶበት አይታፈንም፤ የቆመው እዚያው ገንዳው ውስጥ ነውና በዙሪያው 90 ሊትር ውኃ አለ። ይጎዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ መብራት ሲመጣም የሚተፋው መርዝ አይኖረውም።

ሁለት ይግዙ። አንድ ባለ ሁለት መውጫ ኤር ፓምፕ ለሁለቱም ይበቃል፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ጥቂት ዋት ነው፣ ከአንድ ኤልኢዲ አምፖል አይበልጥም። በሁለቱ ጫፎች ያስቀምጧቸውና በየሁለት ሳምንቱ ተራ በተራ ያጽዷቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አይንኩ። አጠባቡ እንዲህ ነው፤ ውኃ ሲቀይሩ ከገንዳው የቀዱትን ውኃ በሳፋ ያድርጉና ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት። ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ይቅር፣ ያ ቡናማ ነገር ነው የገዙት። ነጭ እስኪሆን የታጠበ ስፖንጅ አዲስ ስፖንጅ ነው።

ኤር ፓምፑ ከውኃው ፊት ከፍ ብሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ መብራት ሲሄድ ውኃው በቱቦው ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፓምፑ፣ ከዚያም ወደ ዲቫይደሩ ይፈስሳል። ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ቱቦው መሐል ላይ ውኃ እንዳይመለስ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ ይግባበት፤ በተቃራኒው ከተገጠመ አየር ስለማያሳልፍ መጀመሪያ በአፍዎ ነፍተው ይሞክሩት። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረገብ ይበሉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ስለ መብራቱ ደግሞ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ይፈልጉ። 1 ዋት ያህል የሚወስድ ከሆነ የስልክዎ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ ሌሊቱን ሙሉ ያሠራዋል፣ ለቀኑም ይተርፈዋል። ነገር ግን አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። እሑድ ዕለት ሰክተው ሁለት ሰዓት ይዩት፤ በጨለማ ከሚያውቁት ይሻላል።

የስፖንጅ ማጣሪያ በአቅራቢያዎ ካጡ ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትሩን ከሥሩ በኩል በጋለ ሚስማር ደጋግመው ይብሱት፤ በአፉ በኩል የአየር ቱቦውን እስከ ታች ያስገቡ፤ ዙሪያውን ፑሚስ ይሙሉበት። የብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ያ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ፣ ባክቴሪያ ለማስተናገድ ውጭ አገር በውድ ከሚሸጠው ድንጋይ አያንስም። ሲሚንቶ ያልነካውን ብቻ ይውሰዱ፣ ዱቄቱ እስኪያልቅ ያለቅልቁት፣ ያፍሉት፣ ከዚያ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ይጣሉት። መጀመሪያ ይንሳፈፋል፤ ጥቂት ቀናት ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይሰምጣል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን አይጠቀሙ፤ ቀዳዳው በጣም ስለሚደቅ ወዲያው ይደፈናል፣ ምን እንደተቀባም አይታወቅም። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅም እንዲሁ፤ ጀርም የሚገድል ነገር የተነከረበት አለ። ከምድጃ የተረፈ ከሰል የሚጨምሩም አጋጥመውኛል። በሱቅ የሚሸጠው ካርቦን በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀለም፣ ሽታና የመድኃኒት ቅሪት ነው የሚይዘው፣ አሞኒያ አይነካም።

አሁን የቀሩት ሁለቱ። አሮጌው ማጣሪያም አዲሶቹም ስፖንጆች አብረው ይሥሩ። ዓሣ ከሚያሳድግ፣ ገንዳው ዓመት ያለፈውና ዓሦቹ ጤነኛ ከሆኑለት ሰው አንድ ቁራጭ ያገለገለ ስፖንጅ ይለምኑ፤ እርጥብ እንዳለ፣ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ፣ በዚያው ቀን ያምጡትና ከእርስዎ ስፖንጅ ጎን ያስጠጉት። ሳምንታት ይቆጥብልዎታል። እስከዚያው በሁለት ቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ መኖ ብቻ ይስጡ። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ጠብታ ካገኙ ይግዙ፤ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ዜሮ ካልሆነ ሩብ ያህሉን ውኃ ይቀይሩ። ካላገኙ በየሁለት ቀኑ ሩብ ይቀይሩ። ውኃው በፈረቃ ስለሚመጣ ከሮቶ የቀዱት ቢሆንም ክሎሪን ሊኖረው ይችላልና ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ክፍት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩት። በጀሪካን ማሳደር አይጠቅምም፤ አፉ ጠባብ ነው።

ልጆቹ «ሌላ ዓሣ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ስድስት ጎልድፊሽ ለ90 ሊትር የትኛውም ማጣሪያ ቢገባ ብዙ ነው። ሰውነቱ ድቡልቡል፣ ጅራቱ ድርብ የሆነው ዓይነት ከሆኑ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ሲያድጉ እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ። ቀጠን ረዘም ያለው፣ ባለ ነጠላ ጅራቱ ከሆነ ደግሞ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚደርስ ውሎ አድሮ የግቢ ኩሬ ያለው ዘመድ መፈለግዎ አይቀርም። ብዛት ካማራቸው ሌላ ጊዜ፣ ማሞቂያ ጨምረው፣ ጋፒ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ያስቡ፤ ከጎልድፊሽ ጋር ግን አይቀላቅሉ፣ የሚወዱት ሙቀት የተለያየ ነው፣ ትንንሾቹንም ጎልድፊሹ ይበላቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገርዎ። ኤር ፓምፕ ድምፅ አለው፤ ሳሎን ውስጥ የሚተኛ ሰው ካለ በሦስተኛው ሌሊት «ይሄን ነገር አጥፉልን» ይላል። አይጠፋም። ተክል ካለ በጨለማ ኦክስጅን አይሰጥም፣ ይወስዳል እንጂ፤ ማታ ማታ የሚጠፋ ማጣሪያ ደግሞ በገዛ እጅዎ የሚያመጡት የመብራት መሄድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያጉረመርመው ፓምፑ ሳይሆን የተቀመጠበት ጣውላ ነው። አራት አጥፈው ፎጣ ያንጥፉበት፣ ከግድግዳውም ጣት ያህል ያርቁት።